አርባ ቀን በሰዓቱ

አባቴ የተገደለው ላንጋ ሰዓት ማክበር ስለተማረ ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱም የተማረው እኔን ለማግባት ነው። ማን እንደተኮሰ፣ ስንት ጥይት እንደተተኮሰ፣ መኪናው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ፖሊስ ጣቢያ ባለው ፋይል ውስጥ ተጽፏል። ይኼኛው አልተጻፈም።

ከላንጋ ምኪዜ ጋር የተዋወቅነው ሰው ሲገረፍ ነው።

የምሠራው ደርባን ወደብ ውስጥ ነው። የትኛው ኮንቴይነር በየትኛው ክሬን፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚነሳ ፕሮግራም አወጣለሁ። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩትም ይኼንኑ ነው፤ በአጭሩ፣ ጊዜ እንዳይባክን ማድረግ። ያን ቀን ከሥራ ወጥቼ ዋርዊክ መናኸሪያ፣ ወደ ኡምላዚ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ተቀምጫለሁ። ሃያ ደቂቃ ያለ ሥራ ስቀመጥ ሰውነቴን ያሳክከኛል።

«መቼ ነው የምንነሳው?» አልኩት ሹፌሩን።

በመስታወቱ አየኝ። «ሲሞላ።»

«መቼ ነው የሚሞላው?»

«ሰው ሲመጣ፣ ሲሲ» አለ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

«ሰውስ መቼ ነው የሚመጣው?»

«አንቺ አሁን አልመጣሽም?»

ኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። አንዷ «ተዪው የኔ እናት፣ እሱ ሲወለድም ዘጠኝ ወሩን አሳልፎ ነው» አለች።

ሳቁ ሳያልቅ ውጭ ጩኸት ተነሳ። አንድ ሰውዬ በትንሽ የቤት መኪና ሁለት ጎረቤቶቹን ሊጭን ቆሞ ኖሯል። መናኸሪያው በር ላይ ሰው የሚጭነው ታክሲ ብቻ ነው፤ ይኼን የማያውቅ የለም። ሦስት ተራ አስከባሪዎች በመስኮቱ ጎትተው አወጡትና አንደኛው በጉማሬ አለንጋ ይገርፈው ጀመር። ሸሚዙ ተተረተረ፤ ከሸሚዙ ሥር ያለውም። ታክሲው ውስጥ ያለው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

«ውረድና አስቁማቸው» አልኩት ሹፌሩን።

«የኔ ጉዳይ አይደለም።»

«እሺ፣ የኔ ነው።»

ወርጄ መሀል ገባሁ። ጅልነት ነበር፤ ዛሬም ጅልነት ነው እላለሁ። አለንጋው ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አላረፈብኝም። ሹፌሩ ከኋላዬ መጥቶ አየር ላይ በባዶ እጁ ይዞታል። መዳፉ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«ይበቃዋል፤ ገብቶታል» አላቸው፣ ድምፁን ሳይጨምር። ተራ አስከባሪዎቹ ወደ ኋላ አሉ። ሹፌር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እጁን በሻርፔ አሰርኩለት። በዚያች እጅ መሪውን ይዞ እስከ ኡምላዚ ነዳ፤ ሻርፑ ቀይ እየሆነ፣ እሱ በመስታወቱ እኔን እያየ፣ እኔም እሱ ሲያየኝ እያየሁ። ስወርድ «ሻርፕሽን አጥቤ ነገ አመጣለሁ» አለ።

«ስንት ሰዓት?»

በጣም የሚያስቅ ነገር የተናገርኩ ያህል ሳቀ። «ስመጣ።»

በአራተኛው ቀን መጣ።

ሰባት ታክሲዎች ነበሩት። የአባቱ ነበሩ፤ አባቱ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ተገደለ። ከዚያ የታላቅ ወንድሙ ሆኑ፤ ወንድሙ ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ተገደለ። ይኼን የነገረኝ መሀሉ ተቦርቡሮ የባቄላ ወጥ የተሞላ ዳቦ አብረን እየበላን ነው፤ ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስል ነበር።

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁን ሰላም ነው። በመስመር የሚጣሉት የታክሲ ማኅበራት ተፈራርመዋል።»

አመንኩት። ማመኑ ተስማማኝ።

ላንጋ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነው። ዓይኔን እያየ እንኳ ከትከሻዬ በላይ የሆነ ነገር ያያል። ስድስት ሰዓት ያለኝ ሰባት ተኩል ይመጣል። በሄደበት መንገድ አይመለስም። አንድ ቀን ክላርሞንት የተከራያት ክፍል ያድራል፣ አንድ ቀን አክስቱ ቤት፣ አንድ ቀን የት እንደሆነ አይናገርም።

«ሌላ ሴት አለች?» አልኩት አንድ ቅዳሜ፣ ባሕሩ ዳር።

«የለችም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ? ፖስታ ነህ በየቤቱ የምትዞረው?»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ዝም አለ። ማዕበሉ መጥቶ ተመለሰ፤ እንደገና መጥቶ ተመለሰ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሊነግረኝ ነበር። አሁን አውቃለሁ። እኔ ግን የሰው ዝምታ እስኪያልቅ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም።

«ሥርዓት የለህም፤ ነገሩ ይኼው ነው» አልኩና ጨረስኩለት።

አባቴ፣ ባባ ጉሜዴ፣ ለባቡር ምልክት የሚሰጥ ሰው ነበር። በእኛ መስመር ሌቦች ሽቦውን ቆርጠው ከወሰዱ ጀምሮ ባቡር ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። አባቴ ግን በየቀኑ ጣቢያ ይሄዳል። የምልክቱን ዘንጎች በጨርቅ ይወለውላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ መዝገቡ ላይ «አንድ ሰዓት ከአምስት፤ ባቡር የለም» ብሎ ይጽፋል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው። ሰው ሲስቅበት «ባቡሩ ነው የቀረው፤ እኔ አልቀረሁም» ይላል።

የላንጋ ሽማግሌዎች ሊጠይቁን የመጡ ቀን፣ እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ በራችን ላይ ቆመው የዘራችንን ስም እየጠሩ መለመን ነበረባቸው። የደረሱት ፀሐይ ከወጣች ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። አጎቶቹ ናቸው፤ ሁሉም ባለታክሲ፣ ሁሉም በሱፍ።

«ክዋቤ! ምንጉኒ! ክፈቱልን!» ይላሉ ከውጭ።

አባቴ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነባል።

«ባባ፣ ይሰማሉ አይደል?» አልኩ።

«ምንም አልሰማም። የጠበቅኳቸው ሰዎች ጎህ ሲቀድ አልመጡም፤ እነዚህን አላውቃቸውም።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኹ። የጎረቤት ሴቶች ወንበር አውጥተው ሻይ እየጠጡ አዩዋቸው። በመጨረሻ ድምፃቸው ሲዘጋ ተመልሰው ሄዱ።

በማግስቱ ላንጋ ብቻውን መጣ። አባቴ እንዲቀመጥ እንኳ አላለውም።

«አርባ ቀን» አለው። «በየቀኑ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ከአርባ እዚህ በሬ ላይ። ጣቢያ ታደርሰኛለህ። አንዲት ደቂቃ ካለፈች ከአንድ ትጀምራለህ። አርባውን ከጨረስክ ሽማግሌዎችህን ላክ፤ በሩን ራሴ ነው የምከፍተው።»

ላንጋ ፊቱ አመድ መሰለ። አየሁት። ስንፍና ነው ብዬ ነው ያየሁት።

«ባባ፣ ሰዓቱን ብንቀያይረውስ?» አለ። «አንድ ቀን አስራ ሁለት፣ አንድ ቀን አንድ ሰዓት፣ እንደዚያ…»

«ባቡር እንደዚያ ይሄዳል?»

ላንጋ ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን ከትከሻዬ በላይ አላየም፤ እኔኑ ነው ያየኝ፣ ረጅም ጊዜ።

«ይሁን፣ ባባ» አለ።

ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩን ቀማሁት። ሦስት አፕ ጫንኩለት። አንደኛው ቀኑን በቀለም ይከፋፍላል፤ ሁለተኛው አንድን ነገር ሳያቋርጡ ስንት ቀን እንደሠሩት እየቆጠረ አረንጓዴ ምልክት ያደርጋል፤ ሦስተኛው የሚሠራውን ነገር መዝግቦ ሲያልቅ የሚሰረዝበት ነው። ሦስቱንም ከእኔ ስልክ ጋር አገናኘኋቸው፤ እሱ የሚጽፈው ሁሉ እኔም ጋ ይታያል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ባለቀለሙን እያየ።

«ሕይወትህ ነው።»

«ቀጭን ናት።»

«ስለማትጠቀምባት ነው።»

የመሰረዣው ድምፅ ደስ አለው፤ ሲነኩት ጠብ የሚል ትንሽ ድምፅ ያወጣል። «ምሳ መብላት» ብሎ ጻፈና ሰረዘው። «የግራ ጎማ መቀየር» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሆነ ነገር ሲጽፍ ቆየ፤ ስልኬ ጮኸ፤ አየሁት። «ሌቲዌን መሳም» ይላል፤ እኔን።

«ቀነ ገደብ አላስቀመጥክለትም» አልኩ።

«አሁን ነው» አለ።

ሰረዘው። ድምፁን ሁለታችንም ሰማን።

ለአስራ ሁለት ከአርባው ማስታወሻ የባቡር ፊሽካ ድምፅ አደረግኩለት፤ አባቴን ለማሳቅ።

በአንደኛው ቀን መጣ። በሁለተኛው መጣ። አረንጓዴው ምልክት መስመር ሠራ። በአስረኛው ቀን ሰባቱም ታክሲዎች በተራ ጋራዥ ገብተው ወጥተዋል፤ ሹፌሮቹ የሚያርፉበት ቀን ተጽፎላቸዋል። መናኸሪያው ውስጥ «ባለሰዓቱ» ይሉት ጀመር። አንድ ተራ አስከባሪ አገኘኝና «ሲሲ፣ ምን አብልተሽው ነው? ሰውየው እኮ የባንክ ሠራተኛ ሆነ!» አለኝ። ኮራሁ። በሃያኛው ቀን አባቴ ለሁለት ሰው የሚሆን ሻይ በፔርሙስ ይዞ ወጣ። በሃያ ሰባተኛው፣ በኋላ መዝገቡን ገልጬ እንዳየሁት፣ «ባቡር የለም» ከሚለው በላይ «አስራ ሁለት ከአርባ፤ ላንጋ» ብሎ ጽፏል።

እውነቱን ለመናገር ላንጋን ከበፊቱ የበለጠ የወደድኩት በነዚያ ሳምንታት ነው። ሰው ራሱ የሠራውን ነገር እንደሚወድ ነው የወደድኩት። በሩ ላይ ሲደርስ በወጥ ቤቱ መስኮት አየዋለሁ፣ ያየኛል፣ ፈገግ እላለሁ። ላብ ግንባሩ ላይ አለ፤ በጠዋቱ ብርድ። ለምን እንደሚያልበው አልጠየቅኩም።

ሠላሳ አራተኛው ቀን ሐሙስ ነበር።

ጥርሴን እየቦረሽኩ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። ነጩ ታክሲ መጥቶ ቆመ። አባቴ ቆቡን አድርጎ፣ ፔርሙሱን ብብቱ ውስጥ ይዞ ወጣና ከፊት ገባ። በሩን ገና አልዘጋውም። የማዕዘኑ ሱቅ አጠገብ ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የምትቆም ግራጫ መኪና አለች። አይቻታለሁ። ሰው የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። አልተሳሳትኩም።

ፊሽካው ጮኸ። ስልኩ ከመሪው ፊት ተንሸራትቶ ወደቀ፣ ላንጋ ሊያነሳው ጎንበስ አለ።

ግራጫዋ መኪና አጠገባቸው ስትደርስ ዝግ አለች። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው በመስኮት፣ አንደኛው ከኋላ በር። የተኩሱ ድምፅ ሰዎች እንደሚሉት ርችት አይመስልም። ቆርቆሮ ጣራ በመዶሻ ሲመታ ነው የሚመስለው። መስታወቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ፣ ከዚያ የለም። አባቴ ወደ መሪው በኩል ዘንበል አለ፤ ለላንጋ ምስጢር ሊነግረው ይመስል።

ብሩሹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ሮጥኩ። የመኪናው ወለል ላይ ሻይና ደም ተደባልቆ እንፋሎት ያወጣል። ላንጋ መሪው ሥር ተጣጥፎ የአባቴን እግር በሁለት እጁ ይዟል። ጥይቱ እሱን አልነካውም፤ ጎንበስ ባለበት በላዩ አልፏል። ፊሽካው አላቆመም። ስልኩን ከደሙ ውስጥ አንስቼ ዘጋሁት። አረንጓዴው ምልክት በርቷል፤ ሠላሳ አራት ይላል።

ላንጋ መስታወት በሌለው መኪና፣ ቀይ መብራት እየጣሰ ነዳ። እኔ የአባቴን አንገት በፎጣ ይዣለሁ። ጣቶቼ መሀል ይፈልቃል። ሆስፒታሉ ሊታይ ሲል አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«አንድ ሰዓት ከአምስት ነው፣ ባባ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ መዝገቡ ላይ ሊጽፈው ይመስል። ከዚያ ጣቶቼ መሀል የሚፈልቀው ነገር ቆመ።

መርማሪው ናይዱ የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ የደከመው ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ።

«ስልኩን ሰብረው ገብተው ነው? ፕሮግራሙን አይተው ነው?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እህቴ፣ እነዚህ ሰዎች ስልክ ምን ያደርግላቸዋል? ሦስት ጠዋት መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ በዘይት የተጠበሰ ማግዊኛ መብላት ይበቃል። በአራተኛው ቀን ሰዓትህን አይተህ ትተኩሳለህ።» ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ። «የታክሲ ሰው ለምን እንደሚያረፍድ ማንም አልነገረሽም?»

«እርስዎ ይንገሩኝ» አልኩ።

«አባቱ በየዓርቡ በአንድ ሰዓት ነዳጅ ይቀዳ ነበር። ወንድሙ በየእሁዱ ሦስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ይገባ ነበር። ይኼኛው ብልጥ ነው እንል ነበር፤ ይኼኛው መቼ እንደሚመጣ እናቱም አታውቅም እንል ነበር።»

ከቀብር በኋላ ላንጋን ከግቢያችን ጀርባ፣ ሙዝ ዛፎቹ ሥር አገኘሁት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? እፈራለሁ ብዬ? ሴት ልጁን ልጠይቅ መጥቼ?»

«ለእሱ አላልኩህም። ለእኔ!»

«አንቺማ በሰዓቱ ስመጣ ፈገግ ትይ ነበር» አለ።

በቡጢ አፉን መታሁት። ጥርሱ ጣቴን ቆረጠው። እንደገና መታሁት። እጁን አላነሳም፤ አገጩ ላይ ደሙ ሲወርድ አልጠረገውም። ሦስተኛውን ልመታ ስል ያዘኝ፣ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥን። የእሱ ደምና የእኔ ደም ጥቁር ቀሚሴ ላይ አይለይም። ሲያቅፈኝ የዚያችን መዳፍ ጠባሳ አንገቴ ላይ አወቅኩት።

«ማን እንደላካቸው አውቃለሁ» አለ ጆሮዬ ሥር። «ሻንጌ ነው።»

ሻንጌ የሌላኛው ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል።

«ለመርማሪው ንገረው» አልኩ።

ምንም አላለም። ይኼንንም ዝምታ አልጠበቅኩትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ወደቡ ላይ ሥራ እንደያዝኩ ስልኬ ጮኸ። የተጋራነው አፕ ነው። እንደተጋራን ረስቶ ይሆናል። ላይረሳም ይችላል። አዲስ ዝርዝር ገብቷል፣ አምስት ስም፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቀለም።

የመጀመሪያው ስም ተሰርዟል። ሰውየውን ቅዳሜ የሸንኮራ እርሻ ቦይ ውስጥ፣ እጁ በሽቦ ታስሮ እንዳገኙት በሬዲዮ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው «ሻንጌ። ማክሰኞ። ጠዋት ሁለት ሰዓት። የኩላሊት ክሊኒክ በር፤ ሚስቱን ሲያወርድ» ይላል።

ከዝርዝሩ በላይ አሮጌው አልጠፋም። ምሳ መብላት። የግራ ጎማ መቀየር። ሌቲዌን መሳም። ሁሉም ተሰርዘዋል።

ሥራው ጥሩ ነበር። ይኼን ነው መጀመሪያ ያሰብኩት፤ አልደብቅም። ሦስት ሳምንት ሰው ተከታትሎ፣ መዝግቦ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጧል። ያስተማርኩትን አንድም አልዘነጋም።

ለፖሊስ ብነግር ላንጋ እስር ቤት ይገባል፤ እስር ቤት ውስጥ የሻንጌ ሰዎች አሉ። ዝም ብል ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የታመመች ሴት እኔ ያየሁትን ታያለች። ከዚያ የሻንጌ ልጆች ዝርዝር ያወጣሉ። ቦርሳዬን አንስቼ ከቢሮ ወጣሁ።

ሻንጌን በመኪና ማጠቢያው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጭር፣ ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ይመስላል። ሁለት የታጠቁ ሰዎች ቦርሳዬን በረበሩ።

«የጉሜዴ ልጅ ነኝ» አልኩ።

መነጽሩን አወለቀ። «ሽማግሌው አልተፈለገም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ስህተት ነው።»

«አውቃለሁ አልኩዎ። ነገ ጠዋት ሚስትዎን ክሊኒክ ሌላ ሰው ያድርሳቸው። በሌላ በር። በሌላ ሰዓት። ከነገ ወዲያም እንደዚያው።»

ውሃው መኪኖቹ ላይ ይንቧቧል። አንደኛው ጠባቂ ወደ እኔ ተራመደ፤ ሻንጌ በጣቱ አቆመው።

«ምኪዜ ነው?»

«ከተማውን ለቆ ይሄዳል። መስመሩን፣ ታክሲዎቹን ጥሎ። እርስዎም አይፈልጉትም።»

«በማን ቃል?»

«በእኔ። አባቴ ሰዓቱን አሳልፎ አያውቅም። እኔም አላውቅም።»

ሻንጌ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ስለ ሽማግሌው ስል እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላየሁትም» አለ። «ከዘጠኝ በኋላ ዓይን አለኝ።»

ክላርሞንት ስደርስ ሰባት ከሃያ ነበር። ላንጋ ጋዜጣ ዘርግቶ ሽጉጡን ፈታትቶ በዘይት ይጠርጋል። ፊቱ ወደ በሩ ነው።

«ሥራ የለሽም እንዴ?» አለ።

«ሻንጌ ነገ ክሊኒክ አይሄድም።»

ጨርቁን የያዘው እጁ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ነገርኩት።»

መነሳቱን አላየሁም። ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ነው፣ እጁ ጉሮሮዬ ላይ፣ ያች ጠባሳ ያላት እጅ። እግሬ መሬት ለቋል። ዓይኑ ውስጥ ምንም የማውቀው ነገር የለም።

«ወይ አጥብቀው ወይ ልቀቀኝ» አልኩ በቀረኝ ትንፋሽ። «ጊዜ የለንም።»

ለቀቀኝ። እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለአባትሽ ነበር እኮ።»

«አባቴ ሰው ግደልልኝ አላለህም። በሰዓቱ ና ነው ያለህ።»

ዝም አለ። ይኼን አንዱን ጠበቅኩት። ጉሮሮዬን እያሸሁ፣ ቆሜ፣ እስኪያልቅ ጠበቅኩት።

«ዛሬ ይገድሉኛል» አለ በመጨረሻ።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። የማፑቶ አውቶቡስ ስምንት ተኩል ይነሳል። ፓስፖርትህ ጫማ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ አይቼዋለሁ።»

«አብረሽኝ ነይ።»

«አልመጣም።»

«አትወጂኝም?»

«እወድሃለሁ። ባልወድህ ኖሮ ወደ ሻንጌ አልሄድም ነበር፤ ናይዱ ጋ ነበር የምሄደው።» ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ጉሮሮዬ ስለቆሰለ ነው። «ግን እጁን በሽቦ የታሰረውን ሰውዬ የሰረዝክበት ድምፅና እኔን የሰረዝክበት ድምፅ አንድ ነው። ሁለቱም ተሰርዘው በስልኬ አይቻለሁ። ከዚያ ጋር መተኛት አልችልም።»

ላንጋ ጭንቅላቱን አቀረቀረ። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት። ዝርዝሩን አጠፋሁ።

«ጭንቅላቴ ውስጥ አለ» አለ ቀና ሳይል።

«ጭንቅላትህ ውስጥ ነገር ቢቆይማ አፑን አልጭንልህም ነበር።»

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ እየሳቀ መስሎኝ ነበር።

አንድ ማስታወሻ ሞላሁለት፤ «ስምንት ሰዓት። ከቤት ውጣ።» ፊሽካውን አልቀየርኩም። ከዚያ የእኔን ስም ከስልኩ አወጣሁ፤ ከእንግዲህ የሚጽፈውን አላይም። ስልኩን ሽጉጡ አጠገብ አስቀመጥኩ። ጎንበስ ብዬ በቡጢ የመታሁትን ከንፈሩን፣ ጠባሳው ገና ያልጠፋውን፣ ሳምኩት። የዘይት ሽታ አለው።

«በሰዓቱ ብደርስስ?» አለ።

«ብትደርስ ትኖራለህ።»

«ከዚያስ?»

ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ሰማሁ። ጫማ ሳጥኑን ከአልጋው ሥር እየጎተተ ይሆናል። ሽጉጡንም እየገጠመ ሊሆን ይችላል። ዞሬ አላየሁም።

ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።